መብረቅ ጣለው የተባለው መጥረቢያ

ጨው ነጋዴዎቹ ትተውኝ የሄዱት ንዳድ ስለያዘኝ ነው። ከመተከል ተነስተን፣ አባይን ተሻግረን፣ አሶሳ ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀረን ጉልበቴ ከዳኝ። በቅሎ ላይ ቢጭኑኝ ወደቅሁ። "ስንመለስ እንወስድሃለን" ብለው በአንዲት የበርታ መንደር ለሽማግሌው አደራ ሰጡኝ። ሲመለሱ በሌላ መንገድ እንደሚመለሱ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር። አልተሳሳትኩም።

እኔ ሽናሻ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆሜ፣ ከውስጥ የሚሰማውን በጆሮዬ እየለቀምኩ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ከነጋዴ ጋር የወጣሁትም ስለዚህ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ግን ከአባይ ማዶ የመጣውን ሁሉ ሐበሻ ይሉታል። ሽናሻ መሆኔን ብነግረው የመንደሩ ቀጥቃጭ፣ "ጅብ መጥቶ ቀበሮ ነኝ ቢለኝ ፍየሌን አስጠብቀዋለሁ?" ብሎ አሳቀብኝ። እነሱ የኔን ቋንቋ አያውቁም፤ እኔም የነሱን። የምንግባባው በገበያ ዓረብኛ ነበር፤ እነሱም እርስ በርሳቸው ብዙ ጊዜ በሱ ያወራሉ፤ እዚህ የጻፍኩትም ንግግር ሁሉ ከዚያ የተመለሰ ነው።

ጊዜው ሰው ሰውን የማያምንበት ጊዜ ነበር። የንጉሡ ጦር ወደዚያ አገር ከወረደ ብዙ አልቆየም፤ ግብሩም በወርቅ ነው። ስለዚህ ፊደል የሚያውቅ እንግዳ ማለት ወርቃቸውን አይቶ ለሹም የሚነግር ማለት ነበር። ሴቶቹ በጅረቱ ዳር ጉድጓድ ቆፍረው፣ ጠጠሩን በእንጨት ገበታ እያጠቡ የሚያገኙትን የወርቅ ዱቄት በአሞራ ላባ ቱቦ ውስጥ ይከታሉ። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ላባው ይሰወራል፤ ወሬውም ይቆማል። ቀርቀሃ ላይ በከሰል ግጥም ስጭር ያየኝ ሁሉ ስሙን የጻፍኩ ይመስለው ነበር። እኔም በበኩሌ የሚሰጡኝን ገንፎ ሳላሸት አልበላም።

ከንዳዱ ያዳነችኝ ከሽማግሌው አጥር ቀጥሎ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። መራራ ቅርፊት እያፈላች ታጠጣኛለች። ለምን እንደምትደክምልኝ አልነገረችኝም፤ እኔም ምን ፈልጋ ይሆን እያልኩ እጠጣ ነበር። ወርቅ የምታጥብበት ጉድጓድና አንድ የማሽላ እርሻ ከባሏ ቀርተውላታል። የባሏ ወንድም ደግሞ ያ ፍየልና ጅብ ያለኝ ቀጥቃጭ ነው። ወንድሙ ሲሞት በደንቡ መሠረት ሊያገባት ጠየቀ፤ እሷ ግን እምቢ አለች። "ቀን ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ማታ ከኔ ጋር ምን አለው?" ብላዋለች ይባላል። እሱም ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋን የሚመልሰው ወደ መሬት እያየ ነው።

ክረምቱ እንደገባ ቀጥቃጩ አዲስ ጎተራ ሠራ። በዚያ አገር ጎተራ የሚለቀለቀው በጎረቤት ሴቶች እጅ ነው፤ የተጣላም ቢሆን አይቀርም። እያንዳንዷ የራሷን ማለስለሻ ጠጠር ይዛ መጣች፤ እየዘፈኑ ጭቃውን ለጠፉ፣ አለሰለሱ። ባሏ የሞተባትን ሴት ጠጠር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። መዳፍ የሚሞላ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ በአንድ ወገን እንደ ከንፈር የሳሳ ድንጋይ ነበር። ጉድጓዷን ስትቆፍር፣ ወርቅ ካለበት ጠጠር ሥር እንዳገኘችው ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማሁ።

የጎተራው ጭቃ ሳይደርቅ መብረቅ መታው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የዕለቱ ዝናብ ገና አልጀመረም። ጎተራው ከነቀርቀሃው ነደደ፤ እሳቱን ለማጥፋት ግን ማንም አልተጠጋም። በመንደሩ ደንብ መብረቅ የነካውን ነገር ሽማግሌው መጥተው ውሃ ሳይረጩበት የሚነካ የለም። ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ እያየ ቆመ። ቀጥቃጩ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። ድንገት ዞረና ወደ ሴትዮዋ የጭቃ ቅርጫት አመለከተ።

"አንቺ! ጎተራዬን በምንድነው የቀባሽው?"

"በጭቃ ነዋ" አለችው።

"በምን አለሰለስሽው?"

ቅርጫቱን በዱላ ገለበጠው። ድንጋዩ ከጭቃው መሐል ተንከባለለ። ሕዝቡ እንደ እባብ ያየ ያህል አፈገፈገ።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ በዚያ መንደር እንዲህ ያለውን ድንጋይ የመብረቅ መጥረቢያ ይሉታል። መብረቅ ሲወርድ መጥረቢያውን ምድር ውስጥ ይቀብራል፤ አንስቶ ቤቱ ያስገባውን ሰው መብረቁ ዕቃውን ፍለጋ ይከተለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከመንደሩ ጋር አይኖርም። ዶማውንና ገበታውን ጥሎ ከጅረቱ ማዶ ይሻገራል፤ መሬቱ ለባል ወገን ይመለሳል። የባል ወገን ማለት እንግዲህ ቀጥቃጩ ነው። ይህን ስሰማ የኔ ጥርጣሬ የት ላይ እንዳረፈ መናገር አያስፈልግም።

ሽማግሌው ነገር የማያቻኩሉ ሰው ነበሩ። "ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንነጋገራለን" አሉ። ድንጋዩን በሁለት እንጨት አስነስተው በአጥራቸው ጥግ አስቀመጡትና የተሰበረ ገንቦ ደፉበት። "ማንም እንዳይነካው" አሉና በተለይ እኔን አዩኝ።

በማግሥቱ ሽማግሌው ወደ እርሻ ሲወጡ ገንቦውን አነሳሁት።

ትልቅ ነገር እጠብቅ ነበር። ያገኘሁት ግን የሥራ ዕቃ ነው። በሳሳው ጠርዝ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። አንዱ ጥግ ተሸርፎ እንደገና ተስሏል። ወፍራሙ ጫፍ ተቀጥቅጧል። ወገቡ ላይ አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ታስሮበት የነበረ ይመስል የደበዘዘ ቀበቶ አለው። መብረቅ የሰበረውን ሲያድስ አይቼ አላውቅም። ይህ የእጅ ሥራ ነው። ቀጥሎ የመጣብኝ ጥያቄ ደግሞ የማን እጅ ነው የሚል ሆነ፤ በመንደሩ ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወደ ቀጥቃጩ ዳስ ሄድኩ። ወናፉን በእግሩ ሥር አድርጎ ከሰል ያራግባል። ብረቱን የሚያሳርፍበት መስፉ ድንጋይ ነው። ከምድጃው የወጣውን ብረት መጀመሪያ የሚወቅጥበትም በመዳፉ የሚይዘው ሌላ ድንጋይ ነው፤ የብረት መዶሻውን የሚያነሳው ብረቱ መልክ ሲይዝ ነው። ይህንን ሁሉ በዓይኔ ለቀምኩ።

"ድንጋይ ትስላለህ ወይ?" አልኩት።

"ሐበሻው፣ ድንጋይ የሚስለው ሥራ ያጣ ነው።"

"ብትፈልግስ ትችላለህ?"

መዶሻውን አስቀመጠ። "የምትለው ገብቶኛል" አለ። "እኔ ጎተራዬን ራሴ አቃጥዬ፣ ማሽላዬን ሜዳ ላይ አስቀርቼ፣ ሴት ላስባርር? ልጆቼ በምን ይከርማሉ?"

እጁን አየሁት። ሲናገር አንድም ጊዜ ድንጋዩ ወዳለበት ወደ ሽማግሌው ቤት አልጠቆመም፤ በዳሱም ደጃፍ ላይ መብረቁ እንዳይመለስ አመድና ጨው ተበትኗል። እውነት ፈርቷል ማለት ነው። ግን የፈራ ሰውም መሬት ይወዳል። ስወጣ የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ላላ፤ ሌላ ግን ተተካበት፦ ድንጋዩን እሱ አልሠራውም፣ አጋጣሚውን ግን አላሳለፈውም። ያን ቀን ቀርቀሃዬ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦

ሰማይ ነው ይሉኛል፤ እኔ እጅ አያለሁ፣
ከዳመናው ይልቅ ጎረቤት እፈራለሁ።

እግሬ ወደ ጅረቱ ወሰደኝ። እዚያ አንድ ዝርግ አለት አለ፤ መንደሩ ሁሉ ዶማውን የሚስልበት። ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ። ያን ቀን ግን ቁጭ ብዬ አየሁት። ዶማ የሚስሉበት ቦይ ጠባብና ስለታም ነው፣ ቢላዋ ዳቦ ላይ እንደሚተወው ያለ። ከነሱ አጠገብ ግን ሌሎች አሉ፤ ሰፋፊ፣ ጎድጓዳ፣ ውስጣቸው እንደ ሸክላ የለሰለሰ። ማንም ሰው ሲጠቀምባቸው አላየሁም። በመንደሩ ውስጥ የሚገጥማቸው ዕቃ የለም። ከገንቦው ሥር ያለው ብቻ ይገጥማቸዋል።

ለሴትዮዋ ነገርኳት። ገበታዋን ጠጠር ሞልታ ውሃው ውስጥ እያዞረች ነበር፤ ማዞሯን አላቆመችም።

"ማን ላከህ?" አለችኝ።

"ማንም።"

"ቀጥቃጩ ዳስ ገብተህ ስትወጣ አይቼሃለሁ። አለቱ ጋ አድርሰኸኝ፣ ድንጋዩን አስነክተኸኝ፣ ሁለተኛ ወንጀል ልትጨምርብኝ ነው?"

ነገሩ እውነት ይመስል ነበር፤ በሷ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። "እኔን ባታምኚኝም አለቱን ሄደሽ እዪው" አልኳትና ተነሳሁ። የመንደሩ አጥር ጋ ስደርስ ዞር ብዬ ሳይ ገበታዋን አስቀምጣ ወደ አለቱ እየሄደች ነበር። ጣቷን በሰፊው ስርጉድ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስታመላልስ ለረጅም ጊዜ ቆየች።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሰው ከመንደሩ መሰብሰቢያ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ቀጥቃጩ ቀድሞ ተናገረ። ጎተራው አመድ ሆኗል፤ ድንጋዩም በዓይን ታይቷል።

"ጎተራህን የቀባነው ብዙ ነን" አለች እሷ።

"በመብረቅ ጥርስ የቀባሽው ግን አንቺ ነሽ።"

"ተነሱና አንድ ነገር ላሳያችሁ። ካላመናችሁ ዛሬውኑ እሻገራለሁ።"

ሽማግሌው ጢማቸውን ያዙ። "መሄድ ምን ይጎዳል" አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ አለቱ ወረደ። ድንጋዩን በሁለት እንጨት ይዞ የመጣው እኔ ነበርኩ፤ ሌላ የሚሸከም አልተገኘም። ሴትዮዋ ቀጥቃጩን "ዶማህን እዚህ ላይ አስቀምጠው" አለችው፤ ሰፊውን ስርጉድ እያሳየች። አስቀመጠው። ዶማው ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደ። ከዚያ ድንጋዩን በባዶ እጇ አነሳች፤ ከኋላ የነበሩት ሴቶች "ያ ላጢፍ!" ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩ። ስርጉዱ ውስጥ አስቀመጠችው። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ እንደሚቀመጥ ተቀመጠ። ውሃ አፈሰሰችበት፣ ጭብጥ አሸዋ ጨመረች፣ ገፋችው። ድምፁ ከዶማ ድምፅ ይለያል፤ ወፍራምና የረጋ ነው።

"አሁን ንገሩኝ" አለች። "መብረቅ መጥረቢያው ሲደንዝበት እዚህ እየመጣ ይስላል?"

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። "የሚመጣ ከሆነ ተራ ጠባቂ ነው" አሉ። "ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ስመላለስ አንድም ቀን ቀድሞኝ አላገኘሁትም።"

ሰው ሳቀ። ቀጥቃጩ አልሳቀም።

"ይሄ የሐበሻው ሥራ ነው!" አለ። "እኔ ዳስ መጥቶ ድንጋይ ስለ መሳል ጠይቆኛል። እሱ ነው የፈለፈለው!"

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሁለት ወጣቶች ከኋላዬ መጥተው ሲቆሙ ተሰማኝ። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት አንዲት አሮጊት ቀደሙኝ፤ "እኔ ጡት ሳላወጣ ከዚህ ስርጉድ የዝናብ ውሃ እጠጣ ነበር። ያኔ እንኳን ይሄ ልጅ፣ አባቱም አልተፀነሰም" አሉ።

"እሺ፣ ሰው ነው የሠራው እንበል" አለ ቀጥቃጩ፤ ድምፁ ግን ዝቅ አለ። "ብረት እያለለት ምን ሆኖ ድንጋይ ሲያፋጭ ይውላል?"

"ብረት ባይኖረውስ?"

"ብረት ያልነበረበት ቀን የለም! ብረት ከሰማይ ነው የወረደው። መጀመሪያ የወረደውም ለአባቶቼ ነው።"

"እንግዲህ ከሰማይ የወረደው ያንተ ነው" አለችው። "የኔ ከጉድጓድ ነው የወጣው። መብረቁ ዕቃውን የሚፈልግ ከሆነ የማንን ቤት ነው የሚያንኳኳው?"

ብረት ያልነበረበት ቀን መኖሩን ያ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ እያሰበ ነበር መሰለኝ። በዚሁ አለት ላይ ቁጭ ብለው ዶማ የማያውቁ ሰዎች ውሃና አሸዋ ሲያፈሱ። ስማቸው የጠፋ፣ መቃብራቸው የማይታወቅ። አንዳንዱ እግሩን ከአለቱ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ።

ሽማግሌው በመጨረሻ "መጥረቢያ ከሆነ ይቁረጥ" አሉ። "ከቆረጠ የሰው ነው። ካልቆረጠ ትሻገራለች።"

ዛቢያውን ራሷ ሠራችው። ቀጥቃጩ እሳት አልሰጣትም፤ ስለዚህ በጋለ ብረት እንጨት ልትበሳ አልቻለችም። እንደ ክርን የታጠፈ ቅርንጫፍ ፈልጋ አመጣች፤ ድንጋዩን ያ የደበዘዘው ቀበቶው ላይ፣ በእርጥብ የፍየል ቆዳ ጠፍር አጥብቃ አሰረችው። ጠፍሩ እስኪደርቅ ምድጃ አጠገብ መዋል ነበረበት። ሽማግሌው ቤታቸው አስገቡት፤ እኔም አንድ ሰው ሹልክ ብሎ ገብቶ ጠፍሩን እንዳይበጥሰው ከበሩ አልራቅሁም። እሷ ደግሞ እኔን በዓይኗ ትከታተል ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ዓይኗን አይቼዋለሁ።

ጠፍሩ በማግሥቱ እንደ አጥንት ጠንክሮ ነበር። ሽማግሌው ክንድ የሚያህል እርጥብ ዛፍ መረጡ። ሰው በሰፊው ከበባት፤ ቀጥቃጩ ከፊት ቆመ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ።

መጥረቢያውን ከትከሻዋ በላይ አነሳችና በሙሉ ጉልበቷ መታች። ነጠረ። ልጡ ላይ ትንሽ ቁስል ቀረ። አንዱ ከኋላ "ዛፉን አሳከከችው" አለ። እንደገና አነሳች፤ እንደገና ነጠረ፤ ከድንጋዩ ጠርዝ ቅንጣት ፈናጠረች። የምትሻገርበት ጅረት ከዚያ ሆኖ ይታይ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ከበፊቱም ከፍ አድርጋ አነሳች።

እኔ ዛፉን አላይም ነበር፤ የማየው ቀጥቃጩን ነው። ሲደሰት ልይዘው ነበር የፈለግሁት። ፊቱ ላይ ያየሁት ግን ደስታ አይደለም። ማልቀስ የጀመረ ሕፃን እንደሚያይ ሰው አፉ ተጣመመ፤ እጁ ከደረቱ ወረደ።

"እንደ ብረት አትምቺው!" ብሎ ጮኸ። "ይሰበራል እኮ! አጠር አድርጊ፣ አግድመሽ፣ እያላጥሽ! ከላይ አንዴ፣ ከታች አንዴ… ክብደቱን ለሱ ተይለት፣ አንቺ አቅጣጫውን ብቻ ስጪው!"

እጇ አየር ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ።

"ልጄ" አሉት ሽማግሌው በቀስታ፣ "መብረቅ ይሰበራል እንዴ?"

ቀጥቃጩ እጁን እንደገና ደረቱ ላይ አጣመረ።

እሷ የነገራትን አደረገች። አጠር አድርጋ፣ አግድማ፣ ከላይ አንዴ፣ ከታች አንዴ። ድንጋዩ እንጨቱን እንደሚያኝክ ፍየል ቀስ እያለ በላው። ቆረጠው ማለት አልችልም፤ ግን ዛፉ ያዘነበለው በድንጋዩ ነው። ሲወድቅ ልጆች ተንጫጩ፤ ሽማግሌው ወደ ቁራጩ ሄደው ስንጥሩን በጣታቸው ዳሰሱ።

"መጥረቢያ ነው" አሉ። "ባለቤቱ ከሞተ ቆይቷል። ያገኘችው ትያዘው። ከዛሬ ወዲያ ስለ መሻገር የሚያነሳ ሰው እኔን ያሻግረኝ።"

ቀጥቃጩ ለምን እንደጮኸ አሁንም ድረስ አላውቅም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ዕቃ ሲበላሽ ማየት የማይችል እጅ ስላለው ነው የሚሉ አሉ። ለወንድሙ ሚስት አዝኖ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ደግሞ አለቱ ላይ ሰው ሲስቅ ነገሩ እንደተበላሸበት ገብቶት፣ በክብር የሚወጣበትን በር ራሱ ከፈተ እላለሁ። ሦስቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ።

ሰው ሲበተን ወደሷ ቀርቦ እጁን ዘረጋ። ትንሽ አመነታችና ሰጠችው። በአውራ ጣቱ ጠርዙን ገበያ ላይ ዶማ እንደሚያይ ሰው ዳሰሰ፤ የተሸረፈውን ጥግ አገላብጦ አየ፣ ማሰሪያውን ነካ ነካ አደረገ።

"የሠራው ጎበዝ ነበር" አለ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ካገኘሽበት በታች ቆፍረሻል?" አላት። "ከሥሩስ ምን አለ?"

ጆሮዬን አቀናሁ።

"ከሥሩ ያለው" አለችው መዳፏን ዘርግታ፣ "የኔ ነው።"

መጥረቢያውን በዛቢያው በኩል መለሰላት። ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው ወደ ጉድጓዷ ወረደች።